አተር አበባ የተባለውን የአገር ድንች ዘር ለወሰዳችሁ አባላት

ዘሩን ወዲያው አትቅበሩት። ብርሃን ባለበት፣ ቀጥታ ፀሐይ በማይነካው ቦታ በስሱ ዘርጉት፤ ጨለማ ውስጥ የወጣ ጉንቁል ነጭና ረጅም ሆኖ ሲነካ ይሰበራል። የእንቁላል ያህሉን ሳትቆርጡ ትከሉ፤ በተክሎች መካከል 30፣ በመስመሮች መካከል 75 ሳንቲ ሜትር። አመድ አታብዙ፣ የድንቹን ልጣጭ የሚያሻክር እከክ ያመጣል።

ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ሲሆን አፈር አስታቅፉት፤ ፀሐይ አግኝቶ አረንጓዴ የሆነ ድንች አይበላም።

እንደ አብዛኛው የአገር ዘር ክረምት ላይ ሌት ብላይትን (በእርጥበት ጊዜ ቅጠሉን የሚያጠቁር በሽታ) አይችልም። በበጋ በመስኖ ይሻላል (ውርጭ ካለባችሁ ግን አስቡበት)፤ ውሃው ሥሩ ላይ ይሁን።

አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ ከጠወለገ ግንዱን ቆርጣችሁ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንጠልጥሉ። ወተት የመሰለ ክር ከወረደ ባክቴሪያ ነው፤ ከነሥሩ ይነቀል፣ ከዚያ መደብ ለዘር አንድም አይቀመጥ።