ማዳመጥን ፈተንን ስንል ማንበብን እየፈተንን ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ቻይና የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና፣ ስለ ጋኦካኦ፣ ሲወራ በአብዛኛው የሚነሳው የተፈታኙ ብዛትና የወላጆች ጭንቀት ነው። የቋንቋ ፈተና ማዘጋጀት ሥራችን ለሆነው ለእኛ ግን ከሁሉ የሚያሳስበን ሌላ ነው፦ የእንግሊዝኛው ወረቀት «ማዳመጥ» ብሎ የሚሰጠው ነጥብ ማዳመጥን ብቻ አይለካም።

ማዳመጥን የሚያካትተው ብሔራዊ ወረቀት 150 ነጥብ ይይዛል፤ ጊዜው 120 ደቂቃ ነው። ማዳመጥ 20 ጥያቄ፣ 30 ነጥብ፤ ማንበብ 20 ጥያቄ፣ 50 ነጥብ። መጀመሪያ አምስት አጫጭር ምልልሶች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማሉ። ከእያንዳንዱ በኋላ ያለችው 10 ሰከንድ ለመመለስም፣ ቀጣዩን ጥያቄ ለማንበብም ናት። ከዚያ ረዘም ያሉ አምስት ንግግሮች ሁለት ሁለት ጊዜ ይሰማሉ፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከመሰማቱ በፊት 5 ሰከንድ፣ ካበቃ በኋላም 5 ሰከንድ ይሰጣል። በ5 ሰከንድ አንድ የእንግሊዝኛ ጥያቄና ሦስት የእንግሊዝኛ ምርጫ አንብቦ መጨረስ የዓይን ፍጥነት ነው። ጆሮው በደንብ የሰማ፣ ንባቡ ግን የዘገየ ልጅ እዚህ ይወድቃል፤ መምህሩም «ማዳመጥ አይችልም» ብሎ ይመዘግበዋል።

ለዓመታት በወረቀቱ መግቢያ ላይ የቆየችው ምሳሌ ግን ትክክለኛውን መንገድ ታሳያለች። ሸሚዙ ስንት ነው? 19.15፣ 9.18 ወይስ 9.15 ፓውንድ? መልሱ ሦስተኛው ነው። ምርጫዎቹ በአንድ እይታ ይነበባሉ፤ ሳይሰሙ ግን አይለዩም። ጥያቄ ሁሉ እንደዚህ ሊሆን አይችልም፤ ሆኖም በትምህርት ቤት ፈተና ምርጫዎችን በቁጥር፣ በሥዕል ወይም በቻይንኛ ማቅረብ አይከብድም። ችግሩ የጆሮ ይሁን የዓይን ለመለየት የክፍሉን ተማሪዎች በዕጣ ለሁለት መክፈልና ያንኑ የድምፅ ቅጂ ማሰማት ነው፤ ለግማሹ ምርጫው በእንግሊዝኛ፣ ለግማሹ በቻይንኛ። በቻይንኛ ያነበቡት ብዙ ከበለጡ ጉድለቱ ያለው ንባቡ ላይ ነው።

እውነተኛው የጆሮ ችግር ደግሞ የራሱ ቦታ አለው። የማንዳሪን ቻይንኛ ክፍለ ቃል መጨረሻው ላይ «ን» መሰል ድምፆችንና «ር»ን ካልሆነ በቀር ተነባቢ አይቀበልም። ግሱም ለጊዜ አይረባም። ስለዚህ የእንግሊዝኛዎቹ «ወርክ» (work) እና «ወርክት» (worked)፣ ወይም «ቡክ» (book) እና «ቡክስ» (books) በፍጥነት ሲነገሩ ልዩነታቸው ይጠፋል። ይህን የሚፈትን ጥያቄ ለብቻው ተዘጋጅቶ ለብቻው ይታረም።

ጥያቄ ከመጽደቁ በፊት ቅጂውን ሳያሰሙ ምርጫዎቹን ብቻ ለ50 ተማሪዎች መስጠት ይገባል። በግምት ብቻ 17 ያህሉ ያገኙታል። 30 ካገኙት መልሱ ራሱ ጥያቄው ውስጥ አፈትልኳል፤ ይጣል። ለንባብም ምንባቡን ደብቆ ጥያቄውን መስጠት ነው፤ አራት ምርጫ ስላለው ከ13 ገደማ በላይ የሚያገኘው ሲበዛ ሊያጠራጥር ይገባል። አድካሚ ሥራ ነው፤ ብዙ ቦታ የሚዘለለውም ለዚህ ነው።

ግምት ምን ያህል ነጥብ እንደሚያመጣ አለማሰብም ከባድ ስህተት ነው። በማዳመጥ ምንም ሳይሰማ የሚያጠቁር ተማሪ በአማካይ 10 ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ ከ30 12 ያመጣውን «ትንሽ ትንሽ ይሰማል» ማለት አይቻልም፤ ከገማቹ የሚለየው በአንድ ጥያቄ ገደማ ነው። አጫጭሮቹ አምስት ጥያቄዎች ብቻቸውን ደግሞ ለምንም ፍርድ አይበቁም።

በንባቡ በኩል ከሰባት ዓረፍተ ነገሮች አምስቱን መርጦ ክፍተት የሚያስሞላው ክፍል ጥንቃቄ ይፈልጋል። እያንዳንዱ ክፍተት 2.5 ነጥብ ነው፤ አንድን ዓረፍተ ነገር ያለቦታው ያስገባ ግን ትክክለኛ ቦታውንም ሊያበላሽ ይችላል። አንድ ስህተት 5 ነጥብ ሊወስድ ይችላል ማለት ነው። መምህር ውጤቱን ሲተነትን እነዚህን እንደ ሁለት የተለያዩ ድክመቶች መቁጠር የለበትም።

የማዳመጥና የማንበብ ውጤት ተለያይቶ፣ ከጥያቄ ብዛት ጋር ይገለጽ። ነጥብን ከኋላ ማስተካከል ምን እንደሚያመጣ የዠጂያንግ ክፍለ ሀገር አሳይቷል፦ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 በተሰጠው የእንግሊዝኛ ፈተና የአንዳንድ ጥያቄዎች ነጥብ ከታረመ በኋላ ተለውጦ ተሰላ፤ ተቃውሞ ሲነሳ ተጣርቶ ውሳኔው ተሻረ፣ የመጀመሪያው ነጥብ ተመለሰ።

ፈተናው የሚሰጥበት ክፍልም አይረሳ። ቤጂንግ ከ2021 ጀምሮ ማዳመጥና መናገርን በኮምፒውተር፣ በ50 ነጥብ ትፈትናለች፤ ተማሪው ሁለት ዕድል አለው፣ የተሻለው ይያዝለታል። በድምፅ ማጉያ የሚፈተን ክፍል ውስጥ ግን ከፈተናው ቀን በፊት አንድ ሰው የኋላው ረድፍ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሙሉውን ቅጂ ይስማ፤ መስኮት ተከፍቶ አንድ ጊዜ፣ ተዘግቶ አንድ ጊዜ። ከዚያ ቦታ የቃላት መጨረሻ ካልተለየው የማጉያው ቦታ ይቀየር፤ ድምፁን መጨመር ብቻ ማስተጋባቱን ያብሰዋል።

ከቋንቋ ፈተና አዘጋጆች