ከባሕሩ በላይ እየደረቀ ላለው ጥድ ዘሩ ይሰብሰብለት

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጅቡቲ ውስጥ በትራንዚት ሥራ የምተዳደር የጋዜጣችሁ የቆየ አንባቢ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ግን የወደብ ጉዳይ ሳይሆን፣ በቅርቡ ከታጁራ በላይ በጎዳ ተራሮች ላይ ያየሁት የዳይ ደን ነው።

እዚያ የሚበቅለው ዛፍ እኛው የምናውቀው የሐበሻ ጥድ ነው። ዝርያው ከሳውዲ ዓረቢያና ከየመን ተራሮች አንሥቶ በኢትዮጵያና በኬንያ ደጋዎች በኩል እስከ ዚምባብዌ የሚደርስ በመሆኑ በጥቅሉ ጠፊ ነው አይባልም፤ የዳዩ ጥድ ግን እየጠፋ ነው። ዝናብ እጅግ በሚያንስበት በዚያ አገር፣ በ1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ዛፉን ካቆዩት ነገሮች አንዱ ተራራውን የሚሸፍነው ጉም ነው። ገደሉ ጫፍ ላይ ሲቆሙ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከታች ይታያል፤ በዙሪያው ደግሞ ቅርፊታቸው ተልጦ እንደ አመድ የነጡ ግንዶች እንደቆሙ ቀርተዋል። አንዱን በቢላዋ ጥቂት ፋቅ ሳደርገው ውስጡ ቀይ ነበር፤ ሽታውም ልጅ ሆኜ የማውቀው የአያቴ ቤት በር ሽታ ነው።

ምስጥ የማይደፍረው እንጨት መሆኑን ገበሬው ከማንም በላይ ያውቃል። የአጥር ቋሚ፣ የቤት ምሰሶ፣ የቤተ ክርስቲያን በርና መስኮት የሚሠራው ከእርሱ ነው፤ በኬንያ የእርሳስ እንጨት ሆኖ ለውጭ ገበያ ቀርቧል። ችግሩ የሚቆረጠውን ያህል ቶሎ የማይተካ መሆኑ ነው። ዕድገቱ አዝጋሚ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ስለሚገኙ ሴቴዋ ብቻዋን ብትቀር ፍሬያማ ዘር አትሰጥም፤ ከሚለቀመው ዘርም ብዙው ባዶ ነው። በዳይ እርጅናና ድርቅ ትልልቆቹን ሲጥል፣ ከሥር የሚበቅለውን ችግኝ ከብቱና ፍየሉ ይግጠዋል፤ ተተኪ የለም። ጥፋቱን በአፋር አርብቶ አደሮች ላይ ብቻ መጫን ፍትሕ አይመስለኝም፤ ቆላው ሲደርቅ ከብቶቻቸውን ይዘው የሚወጡበት ሌላ ቦታ የላቸውም። በዓለም ላይ በጎዳና በማብላ ተራሮች ብቻ የሚኖረው የጅቡቲ ቆቅም መጠለያው ይኸው ደን በመሆኑ ከዛፉ ጋር አብሮ እየተመናመነ ነው።

በእኛ በኩል ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ብዙ ችግኝ ተተክሏል፤ ደስ ይለኛል። ሆኖም በየችግኝ ጣቢያው «ጥድ» እየተባለ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ የፈረንጅ ጥድ እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለቱን መለየት አያስቸግርም፦ የሐበሻው ፍሬ ለስላሳ፣ ነጭ ብናኝ የለበሰ ሰማያዊ ጥቁር ሲሆን፣ የፈረንጁ ግን ደርቆ የሚሰነጠቅ ጠንካራ እንጨት መሳይ ነው። ፈጥኖ ስለሚያድግ መመረጡ ይገባኛል፤ ነገር ግን በሪፖርት ላይ ሁለቱ በአንድ ስም ሊቆጠሩ አይገባም።

ዋናው ጥያቄዬ ስለ ዘር ነው። የዳይ ጥድ ዝርያው ሊኖር በሚችልበት የደረቅ ዳርቻ ላይ ለረጅም ዘመን የኖረ ነውና፣ ድርቅ የመቋቋም ጠባይ በዘሩ ውስጥ ይኖራል ብሎ መገመት ስሕተት አይሆንም። አዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የዘር ባንክ አለው። የሁለቱ አገሮች ባለሙያዎች ተነጋግረው፣ በሕይወት ካሉት ሴቴ ዛፎች ፍሬ ተለቅሞ፣ ባዶው ከሙሉው ተለይቶ፣ ገሚሱ እዚያው ዳይ በታጠረ መሬት ላይ እንዲዘራ፣ ገሚሱ በባንኩ እንዲቀመጥ ቢደረግ ወጪው የሚከብድ አይመስለኝም። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው የመናገሻን ደን እንዳስተከሉ ሲነገር ሰምተናል፤ የዛሬው ጉዞ ከዚያ እጅግ የቀለለ ነው።

ጋዜጣችሁ አንድ ዘጋቢ ወደ ዳይ እንዲልክ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከጅቡቲ ከተማ ተነሥቶ ደርሶ ለመመለስ ሁለት ቀን ይበቃዋል፤ መንገዱን እኔ አሳየዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከጅቡቲ