ስልኩ ላይ ያቀረቀረው ፋርማሲስት እኔ ነኝ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የጤና መድን ደብተር ይዘው መድኃኒት ስላጡ ታካሚዎች ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ ያላነበበ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። በእኛ ሆስፒታል ከጥበቃው እስከ ሜዲካል ዳይሬክተሩ ተቀባብሎታል። ፎቶውንም ሁሉም አይቶታል፤ ባዶ መደርደሪያ፣ ከፊቱ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው፣ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ሲነካካ። ከሥሩ "ታካሚዎች ሲጉላሉ ባለሙያው በስልኩ ተጠምዷል" ይላል። ሰውዬው እኔ ነኝ። ፊቴን ስላደበዘዛችሁልኝ አመሰግናለሁ፤ መላጣዬን ስለረሳችሁት ግን ባለቤቴ በአንድ እይታ ለየችኝ።

ከዚያ ወዲህ መስኮቴ ጋ የሚመጣው ሰው ሰላምታ ተቀይሯል። አንዱ "ጨዋታው አለቀ ወይ?" ይለኛል። ሌላዋ "ይቅርታ፣ ከስልክ አናጠብኩህ" ብላ ማዘዣዋን ትወረውርልኛለች። እናቴ ሳትቀር ደውላ "አንተ ልጅ፣ ምን አጥፍተህ ነው ጋዜጣ ላይ የወጣኸው?" አለችኝ። ሴትዮዋ ማንበብ አትችልም፤ ጎረቤት ነው ያነበበላት፤ ጎረቤት ሲያነብ ደግሞ ምን እንደሚጨምር ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ከስልኩ ልጀምር። በዞናችን ያለን የሆስፒታልና የጤና ጣቢያ ፋርማሲ ኃላፊዎች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ማንም መመሪያ አላወጣልንም፣ ማንም በጀት አልያዘልንም። አንዱ ጋ የተረፈውን ለሌላው የምናቀባብልበት ነው። ጋዜጠኛችሁ በመጣ ዕለት ኢንሱሊን ካለቀብን ሁለት ቀን ሆኖን ነበር፤ ውስጥ ደግሞ የተኛች የስኳር ታካሚ አለች። "ኢንሱሊን የተረፈው አለ? ሦስት ብልቃጥም ይበቃኛል" ብዬ እየጻፍኩ ነበር። ስልኩ የራሴ ነው፣ የኢንተርኔት ጥቅሉንም የገዛሁት እኔ ነኝ። ጋዜጠኛችሁ ከመስኮቱ ማዶ ሆኖ ሲያነሳኝ "ምን እያደረግህ ነው?" ብሎ ቢጠይቀኝ አሳየው ነበር። ሳይጠይቅ ሄደ። ምናልባት እሱም ስልኩ ላይ ተጠምዶ ይሆናል።

ይህን ያህል ስለ ራሴ። ዘገባው ስማቸው ያልተጠቀሰ ኃላፊ ይዞ "ችግሩ የበጀት ሳይሆን የአስተዳደር ነው፣ በጀት አልተቀነሰም" ብሎ ይደመድማል። እስቲ በሒሳብ እንነጋገር።

ለሆስፒታል መድኃኒት ሁሉ በነፃ የሚታደል የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። የቲቢው፣ የኤችአይቪው፣ ክትባቱና የቤተሰብ ምጣኔው አዎ፣ በነፃ ይመጣል፣ በነፃ ይሰጣል። ኢንሱሊኑን፣ የደም ግፊቱን ክኒን፣ አንቲባዮቲኩን፣ ግሉኮሱን ግን ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅርቦት አገልግሎት በገንዘባችን እንገዛዋለን። ተዘዋዋሪ ፈንድ ይባላል፤ መድኃኒት ሰጥተህ ባገኘኸው ብር መልሰህ መድኃኒት ትገዛበታለህ። በ1990 የጤና ክብካቤ ፋይናንስ ስትራቴጂ ሲጸድቅ፣ ተቋማት የሰበሰቡትን ገቢ ለግምጃ ቤት ፈሰስ ከማድረግ ለራሳቸው አገልግሎት እንዲያውሉት መንገድ ተከፈተ። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ነውም። ተዘዋዋሪ ፈንድ ግን ካልዞረ ስሙ ብቻ ነው የሚቀረው።

እንዴት እንደማይዞር ልንገራችሁ። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ነው ወደ ሌላው የሰፋው። አርሶ አደሩ ምርቱን ሰብስቦ መዋጮውን በዓመት አንዴ ይከፍላል፣ ሲታመም ደብተሩን ይዞ ይመጣል፣ ከኪሱ ሳያወጣ ይታከማል። ከእኔ እጅ መድኃኒቱ ይወጣል፤ ሆስፒታሉ ሒሳቡን በየሩብ ዓመቱ አጠቃሎ መድኑን ይጠይቃል። ጥያቄው ይጣራል። አንድ ማዘዣ ላይ ማኅተም ጎደለ ተብሎ ይመለሳል፣ ይታተማል፣ ይላካል። አሁን ይህን በምጽፍበት ሰዓት የሁለት ሩብ ዓመት ሒሳባችን ገና አልተከፈለም። መድኃኒቱ ተውጦ፣ ሰውዬው ድኖ፣ ማሳው ላይ አረም እያረመ ነው፤ ገንዘቡ ግን መንገድ ላይ ነው። እኛ ደግሞ በዱቤ የወሰድነውን ለአቅርቦት አገልግሎቱ ስላልከፈልን ባለዕዳ ነን። ባለዕዳ ሆነህ የመግዣ ጥያቄ ስትልክ መልሱ ምን ይመስላችኋል?

በዚህ መሀል ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። አብዛኛው መድኃኒታችን ከውጭ የሚገባ ነው። ስለዚህ በአሮጌው ዋጋ የሰጠሁት ካርቶን ሒሳቡ ዘግይቶ ሲመለስልኝ፣ ያንኑ ካርቶን ሙሉውን መልሶ አይገዛልኝም። ኃላፊው "በጀት አልተቀነሰም" ሲሉ አልዋሹም፤ ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ እንዳለ ነው። ማንም መቀስ ሳያነሳ ነው የተቆረጠው። ጋዜጠኛ ሊያነሳው የሚገባ ፎቶ ይህ ነበር፤ ለነገሩ ፎቶ አይወጣለትም፣ መላጣም የለውም።

የውጭ እርዳታውንም ዘገባው በአንድ ቃል አልነካውም። በጥር 2017 አሜሪካ እርዳታዋን ስታቆም፣ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ገደማ የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ ጤና ሚኒስቴር መጻፉ በዜና የተሰማ ነው። እኛ ጋ የመረጃ ባለሙያው ወንበር ባዶ ሆነ። የእሱን ሪፖርት አሁን የምሞላው እኔ ነኝ፣ ከመስኮቱ ሥራ በኋላ፣ ማታ። በየሁለት ወሩ የሚላከው የመድኃኒት ሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ እንዳለ ነው፤ ቅጽ ሲቀነስ አይቼ አላውቅም።

አስተዳደሩ ችግር የለበትም እያልኩ አይደለም። አለበት። ያልጠየቅነው መድኃኒት የአገልግሎት ጊዜው ሊያልፍ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ይላክልናል፤ ሲያልፍበት ደግሞ "ለምን አባከናችሁ" እንባላለን። ምን ይገዛ የሚለውን የሚወስነው ኮሚቴ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ብሎ የተበተነበትን ጊዜ አልቆጥረውም። እኔም ራሴ ፍላጎትን ስተምን ተሳስቼ አውቃለሁ፤ ለክረምት የወባ መድኃኒት አሳንሼ ጠይቄ ያፈርኩበት ዓመት አለ። ይህን ዘርዝራችሁ ብትጽፉ ኖሮ ፈርሜ እሰጣችሁ ነበር።

የቁጠባ እርምጃ ተወስዷል ማለታችሁ ግን አሳቀኝ። ተወስዷል። "ወረቀት እንቆጥብ" የሚል ደብዳቤ ለየክፍሉ፣ ለእያንዳንዱ በሦስት ቅጂ፣ ማኅተም ተደርጎበት ደርሶናል። የጽዳት ሠራተኞች ተቀንሰዋል፤ ስለዚህ መጋዘኑን የምንጠርገው እኛ ነን። የትርፍ ሰዓት ክፍያም ዘግይቷል፣ ይኸው ነው ቁጠባው። የሥራ ቦታን በሥርዓት የምንይዝበት ካይዘኑ ግን ደህና ነው። ዘገባው "መደርደሪያዎቹ በሥርዓት አለመያዛቸው" ሲል ነው እውነት የተናደድኩት። ፎቶውን አጉልታችሁ እዩት፤ እያንዳንዱ መደርደሪያ ስም ተለጥፎበታል፣ ወለሉ ላይ ቢጫ መስመሩ አለ። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ፤ አምስቱን "ማ"ዎች ከነሰሌዳቸው ጨርሰናል። የቀረን ስድስተኛው ነው፤ ማግኘት።

አሁን ወደ ከባዱ። "ታካሚዎች ወደ ግል መድኃኒት ቤት የሚላኩት ለምን እንደሆነ ያጠያይቃል" ብላችኋል። አላጠያየቃችሁም፤ ጥርጣሬውን ጥላችሁ ሄዳችሁ። ኮሚሽን ማለታችሁ ከሆነ ኮሚሽን በሉ። በሙያችን ውስጥ ሌባ የለም ብዬ አልምልም። ነገር ግን ከደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የጀመረው ኤፒቲኤስ የምንለው የግብይት ሥርዓት እኛም ጋ አለ። እያንዳንዱ ፍሬ ሲገባ በሞዴል 19፣ ከመጋዘን ሲወጣ በሞዴል 22፣ ለታካሚ ሲሰጥ በቲኬት ነው። ከሦስቱ አንዱን አሳዩኝ ብትሉ አሳያችሁ ነበር። እንዲያውም አቅርቦት አገልግሎቱ የሌለውን መድኃኒት ከግል አስመጪ ለመግዛት መጀመሪያ "በክምችት የለም" የሚል ማረጋገጫ ከራሱ ማምጣት አለብን። "የለም" ለማለት እንኳ ማኅተም ያስፈልገናል።

ዘገባችሁን የከፈታችሁባቸውን እናት አውቃቸዋለሁ። ከሩቅ ቀበሌ ነው የሚመጡት፤ በየወሩ ለደም ግፊታቸው። ያን ቀን የተነጋገርነውን ግማሹን ነው የጻፋችሁት። "እማማ፣ ዛሬ የለም" ስላቸው ደብተራቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው አሳዩኝና "ልጄ፣ ከፍዬ አልነበር?" አሉኝ። ከፍለዋል፤ በጥር፣ ጤፋቸውን ሸጠው። መልስ አጣሁ። ይህንን ጽፋችኋል፣ "ባለሙያው ምላሽ ሊሰጥ አልቻለም" በሚል። ያልጻፋችሁት ቀጥሎ ያለው ነው። ከግሩፑ አንዱ ጤና ጣቢያ የእሳቸውን ክኒን አገኘሁላቸው፤ በመመለሻቸው መንገድ ላይ ያለ ነው። የኃላፊውን ስም በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። መርቀውኝ ሄዱ። ጋዜጠኛችሁ በሩ ላይ የጠበቃቸው ከምርቃቱ በኋላ ነው፣ እሳቸውም ነግረውታል፤ ዘገባው ከወጣ በኋላ ሲመጡ ጠይቄያቸው አረጋግጫለሁ።

እኔም የዚሁ ሆስፒታል ሠራተኛ እንደመሆኔ "ነፃ ሕክምና አለህ" እባላለሁ። ባለፈው የጨጓራ መድኃኒት ታዝዞልኝ ራሴ ወደ ራሴ መስኮት ሄጄ፣ ራሴን ጠይቄ፣ "የለም" ብዬ ለራሴ መልሻለሁ። በነፃ። ደመወዜ ስንት እንደሆነ አልነግራችሁም፣ ጎረቤቱ ለእናቴ ያነብላታል።

ስሜን የማልጽፈው ፈርቼ ነው። ያለ ሕዝብ ግንኙነት ፈቃድ ለጋዜጣ መናገር አይፈቀድልንም፤ ፎቶ መነሳት ግን ፈቃድ አልጠየቀም። ማንነቴን ለዝግጅት ክፍሉ ለብቻው አሳውቃለሁ።

ፎቶውን አንሱልኝ አልልም፤ ድረ ገጻችሁ ላይ ይቆይ። የምጠይቀው ከሥሩ ያለው ጽሑፍ እንዲታረም ነው። "ባለሙያው ኢንሱሊን ሲፈልግ" በሉት። መገኘቱንም ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ሁለት ብልቃጥ በክትባት መያዣ ሣጥን ውስጥ ሆኖ በሞተር ሳይክል መጣ። ሦስት ነበር የለመንኩት።

በአንድ የዞን ከተማ የመንግሥት ሆስፒታል የሚሠራ ፋርማሲስት