ዳገት ወጥታ የመጣችን እናት አትመልሷት

ውድ አዘጋጅ፣

የምጽፈው ከመንዝ ነው። እዚህ ብዙ እናቶች የእርግዝና ክትትል የሚጀምሩት ሆዳቸው ከገፋ በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ክትትሉን ከ4 ጊዜ ወደ 8 ጊዜ ሲያሳድግ፣ የመጀመሪያው እስከ 12ኛው ሳምንት እንዲሆን መክሯል። የእርግዝና ደም ግፊት ምንም ሳያሳምም ሊመጣ ይችላል፤ ካልተለካ በምን ይታወቃል? ታዲያ ያን ሁሉ ዳገት ወጥታ የመጣችን ነፍሰ ጡር «መለኪያው ተበላሽቷል» ብሎ መመለስ ምን ይሉታል? ሁለተኛ አትመጣም።

የእናቶች ማቆያውም ያሳስበኛል። ክረምት ላይ መንገድ ስለሚበላሽ፣ ቤቷ የራቀ እናት ምጥ ሳይጀምራት መጥታ እዚያ ብትሰነብት ይሻላታል። ግን የመንዝ ብርድ የታወቀ ነው። ብርድ ልብስ፣ ማገዶና የገንፎ እህል በሌለበት ማን ይሰነብታል? ወረዳው በጀት ሲይዝ እነዚህን ያስቀድምልን።

አንዲት አንባቢ፣ ከሰሜን ሸዋ