4,294,967,297 ይካፈላል እኮ!

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ የእንቆቅልሽ ዓምድ ላይ 4,294,967,297 ፕራይም ነው፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር ለማንም አይካፈልም ብላችሁ መልስ አወጣችሁ። ይካፈላል እኮ! ለ641 አካፍሉት፤ 6,700,417 ይደርሳል፣ ቀሪም የለው። ያላመነ ወረቀትና እስክሪብቶ ያንሳ። የስልክ ካልኩሌተርም ያደርሳል፣ ግን በእጅ ሲሠራ ነው የሚጥመው።

ብቻችሁን አይደላችሁም፣ በዚሁ ቁጥር ፌርማም ተሸውዷል። ሰውዬው ፈረንሳዊ የሕግ ባለሙያ ነበር፣ ሒሳብ የሚሠራው በትርፍ ጊዜው ነው። ከ2 ተነስታችሁ እያንዳንዱን ቁጥር በራሱ እያባዛችሁ ሂዱ፦ 2፣ 4፣ 16፣ 256፣ 65,536። በእያንዳንዱ ላይ 1 ጨምሩ፤ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ይመጣሉ። አምስቱም ፕራይም ናቸው። ፌርማ ይሄን አይቶ በ1640 ገደማ ለወዳጆቹ ሲጽፍ፣ ማረጋገጫው ባይኖረኝም ሁሌም እንዲህ ይቀጥላል ብዬ አምናለሁ አለ። ስድስተኛው የእናንተ ቁጥር ነው፤ እዚያው ላይ ተሰበረ።

የሰበረው ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ነው፣ በ1732። ዘዴው ደስ ይላል። የዚህ ቁጥር ፕራይም አካፋይ የግድ የ64 ብዜት ላይ 1 የተጨመረበት መሆን አለበት። ስለዚህ 3ን፣ 7ን፣ 11ን መሞከር ትርፉ ድካም ነው። በዚህ ወንፊት የሚያልፉት ፕራይሞች 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ ከዚያ 641 ናቸው። አምስተኛው ላይ ተያዘ! ያለ ዘዴው ከ2 ጀምሮ ፕራይሞቹን በተራ የሚሞክር ሰው እንኳ 116ኛው ላይ ያገኘዋል፣ ፌርማ ይህችን እንዴት እንዳለፋት ይገርመኛል።

ሳያካፍሉም ማየት ይቻላል፣ እኔ በጣም የምወደው ይሄንን ነው። 5×128 ማለት 640 ነው፣ ከ641 በ1 ስለሚያንስ እንደ ኔጌቲቭ 1 ይቆጠራል። ስለዚህ አራት 640ዎችን አባዝተን ለ641 ብናካፍል ቀሪው 1 ነው። 128 ሰባት ሁለቶች ተባዝተው ስለሆነ፣ ያ ብዜት ደግሞ አራት 5ቶች (625) ሲባዙ በ28 ሁለቶች ነው። 625 ከ641 በ16 ስለሚያንስ በቦታው ኔጌቲቭ 16ን ብንተካ ቀሪው አይለወጥም፤ 16 አራት ሁለቶች ስለሆነ በድምሩ 32 ሁለቶች ከነኔጌቲቭ ምልክታቸው 1 ይተዋሉ ማለት ነው። እንግዲያው 32 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲጨመርበት፣ ይህም የእናንተው ቁጥር ነው፣ ቀሪው ዜሮ ይሆናል። በቃ፣ አለቀ።

(መልሱን ያጣራችሁት በኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ። ባለ 32 ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 የሚጻፍባቸው 32 ቦታዎች ያሉት፣ የቁጥር ሳጥን የሚይዘው ከ0 እስከ 4,294,967,295 ስለሆነና ከዚያ ሲያልፍ ከ0 ስለሚጀምር ይህን ቁጥር 1 አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው።)

እርማቱን ስታወጡ እባካችሁ አሠራሩንም አውጡ። ባዶ መልስ ስታትሙ አንባቢ በምን ያጣራ? ለሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ተከታዩን ስጡን፦ 18,446,744,073,709,551,617። እሱም ፕራይም አይደለም። ትንሹ አካፋዩ ከ300,000 በታች ነው፣ የ256 ብዜት ላይ 1 የተጨመረበት። ከዚህ በላይ አልናገርም።

የዓምዱ ተከታታይ፣ ከአዲስ አበባ