ክብሪትና ሁለት ቀርፋፋ ተዋጊዎች
የበረራ ሳይንስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ ያሳደደው አንድ ጥያቄ ነው፤ ደካማ ተዋጊ አውሮፕላን ከሚበልጠው ጋር ሰማይ ላይ ቢገጥም ምን ይውጠዋል? ምሳሌ ያደረግነው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፓሲፊክ ላይ የተፋለሙትን የጃፓኑን ዜሮና የአሜሪካውን ዋይልድካት ነበር።

ጥቅምትና ኅዳር በስሌት አለፉ። ዜሮ 2,400 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሞተሩ 940 የፈረስ ጉልበት። ዋይልድካት 3,600 ኪሎ ግራም ገደማ፣ 1,200 የፈረስ ጉልበት። ተማሪዎቹ ሲያካፍሉት የዜሮ አንድ የፈረስ ጉልበት 2.5 ኪሎ ያህል፣ የዋይልድካት ግን 3 ኪሎ ይሸከማል። ዜሮ ሽቅብ ሲወጣ ለምን እንደሚቀድም ገባቸውና «በቃ፣ አለቀ» አሉ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ክብደቱ ከምን እንደመጣ በሠንጠረዡ ላይ አላሰፈርኩም። ዋይልድካትን ያከበደው አብራሪውን የሚከልል የብረት ጋሻና ጥይት ሲበሳው ቀዳዳውን የሚደፍን የነዳጅ ታንክ ጭምር ነው። የዚያን ጊዜው ዜሮ ሁለቱም አልነበሩትም።

ከገና በኋላ ክብሪት ገዛን። ጆን ታች የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪ እ.ኤ.አ. በ1941 ማታ ማታ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ክብሪት እየደረደረ ዜሮን የሚመክትበት ዘዴ ይፈልግ ነበር። ያገኘው ዘዴ «የታች ሽመና» ይባላል (ታች የሰውዬው ስም መሆኑን ለ9ኛ ክፍሎች ደጋግሜ ማስረዳት ነበረብኝ)። ሁለት አውሮፕላኖች ተራርቀው ጎን ለጎን ይበራሉ። ጠላት ከአንዱ ኋላ ሲገባ የሚያየው ጓደኛው ነው፤ ወዲያው ወደ እሱ ይታጠፋል። መታጠፉ ራሱ ማስጠንቀቂያ ስለሆነ ሬዲዮ አያስፈልግም። የሚሳደደውም ወደ ጓደኛው ይታጠፍና እንደ ድርና ማግ ይተላለፋሉ፤ ተከትሎ የመጣው አሳዳጅ ከጓደኛው መትረየስ ፊት ይገኛል።

ታች ዘዴውን ሲሞክር የተከላካዮቹ ሞተር ሙሉ ኃይል እንዳያወጣ መቆጣጠሪያውን በሽቦ አስገድቦ ነበር። እኛም ኳስ ሜዳ ላይ ሁለቱን ተከላካዮች መጽሐፍ የሞላ ቦርሳ አሸክመን አሯሯጥናቸው። ሦስት ዙር ተያዙ፤ ሁለቱም የየራሳቸውን አሳዳጅ ለማየት ይዞሩ ነበር። በአራተኛው ዙር አንዷ የ10ኛ ክፍል ተማሪ «የኔን ጀርባ ተይው፣ እኔ ያንቺን ነው የማየው» አለቻት። ከዚያ በኋላ የያዛቸው አልነበረም። በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ እንደዚያን ቀን ከሰዓት የተደሰትኩበት ጊዜ ጥቂት ነው።

መጋቢት ላይ አንድ ወላጅ አሮጌ የሞተር ሳይክል ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጥ ክፍል) ሰጡን። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1942 አላስካ ውስጥ አኩታን ደሴት ላይ የወደቀ ዜሮ አግኝተው፣ ጠግነው ሲያበሩት አፍንጫውን በድንገት ሲደፋ ሞተሩ እንደሚቋረጥ ደርሰውበታል። ምክንያቱ ካርቡሬተሩ ነበር፤ ልጆቹ የኛን ገልብጠው የነዳጁን መጠን የሚቆጣጠረው ተንሳፋፊ ከቦታው ሲለቅ በዓይናቸው አዩ።

ከባዱ ጥያቄ የመጣው በግንቦት ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1942 ፓሲፊክ ውስጥ በሚድዌይ ደሴት አቅራቢያ ታች ዘዴውን በውጊያ ሲጠቀም ስድስት ዋይልድካት ይዞ ነበር፤ የጠፋው አንድ ነው። የጃፓን መርከቦችን ሊመቱ ሲሄዱ ያጀቧቸው 12 ቶርፒዶ (መርከብ የሚያሰጥም የውኃ ውስጥ ቦምብ) ጣይ አውሮፕላኖች ግን አንዳቸውም መርከባቸው ላይ መልሰው አላረፉም። «ታዲያ ይሄ ማሸነፍ ነው?» አለ አንድ ልጅ። ሁለት ስብሰባ ሙሉ ተከራከርን። እኔ በበኩሌ ዘዴው አብራሪዎቹን ማዳኑን እንጂ ተልእኮውን ማዳኑን አላስተምርም።

በሚቀጥለው ዓመት ወደ አገራችን እንመለሳለን፤ በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ሰማይ ከድምፅ በ1.6 እጥፍ የሚፈጥነው የኛ ተዋጊ ጄት ኤፍ-5ኢ፣ ከሁለት እጥፍ በላይ የሚፈጥነውን የሶማሊያ ሚግ-21 እንዴት እንደገጠመው እናጠናለን። በአየር ኃይል በአብራሪነትም ሆነ በጥገና ያገለገለ ዘመድ ያላችሁ ንገሩን። የምንሰበሰበው ማክሰኞ 9 ሰዓት ላይ ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ነው።