ውጅግራው ከመተኮሱ በፊት

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፦

ከአያት የወረደ ውጅግራ ተወልውሎ ለሠርግና ለለቅሶ ሲወጣ ይታያል። መወልወሉ ግን ደህንነቱን አያሳይም። ይህ የፈረንሳይ የ1874 እ.ኤ.አ. ሥሪት፣ ባለ 11 ሚሊሜትር ጠመንጃ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው። ቀለሁን በጭስ አልባ ባሩድ መሙላት ከብረቱ አቅም በላይ ግፊት ይፈጥራል። መቀርቀሪያውን ቆልፎ የሚይዘው የእጀታው ግንድ ብቻ ስለሆነ፣ ከተሰበረ የሚመጣው ወደ ተኳሹ ፊት ነው።

አስቀድሞ መቀርቀሪያውን ስቦ ባዶነቱን በዓይንም በጣትም ማረጋገጥ ያሻል። ከዚያ አፈሙዙን ጠርጎ፣ ከኋላ በኩል ወደ ብርሃን ማየት። የዝገት ጉድጓድ ወይም ጥቁር ቀለበት ከታየ (ቀለበቱ የማበጥ ምልክት ነው) ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ባዶውን አቀባብሎ ሰደፉን መሬት ላይ ቀስ አድርጎ መምታትም ጥሩ ፈተና ነው፤ ቃታው ሳይነካ መርፌው ከተለቀቀ፣ መርፌውን የሚይዘው ጥርስ ተበልቷል። የጥቁር ባሩድ ጥላሸት እርጥበት ይስባል፤ በፈላ ውሃ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ነው ዘይት የሚቀባው።

ውርስ ቢሆንም በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያስፈልገዋል።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ታቦር